የዝናሽ መስኮትና የእኔ መስኮት

ሰላጣ ደረቀ ብላ የምታለቅስ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን እዩኝ። ስልሳን ከተሻገርኩ ቆየሁ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፤ ሐዘን ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ግን በቀደም ዲላ ባለው ቤቴ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ለሁለት ጣሳ ሰላጣና ለአንድ ጣሳ በሶብላ ስንሰቀሰቅ ዋልኩ። ደግነቱ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማንም አላየኝም። ያስለቀሰኝም እሱው ነው፣ ማንም አለማየቱ። ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የተከልኩት ዘንድሮ ነው። ከዚያ በፊት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አንዲት ቅጠል ተክዬ አላውቅም፤ ሁለተኛ አልተክልም ብዬ ምዬ ነበር። የዘንድሮ ገበያ ግን መሐላ ያስረሳል። አንድ እስር ሰላጣ የሚጠሩበትን ዋጋ ስሰማ ሻጯን "ከወርቅ ቤት ነው እንዴ ያመጣሽው?" አልኳት። "እትዬ፣ እኔን አይቆጡኝ፤ ናፍጣውን ይቆጡ" አለችኝ። ጾም ሲገባ ደግሞ ያለ ሰላጣና ያለ ቃሪያ ምኑ ይበላል? ስለዚህ ሦስት የዘይት ጣሳ ፈላልጌ ቂጣቸውን በምስማር በሳሁ፤ ጓሮ ካለው እንሰት ሥር ጥቁር አፈር ዝቄ፣ የተብላላ የቡና ገለባ ቀላቅዬ ሞላኋቸውና መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። ገለባው ከቡና መፈልፈያው በነፃ ነው፣ ጣሳው የሚጣል ነው፣ አፈሩም የእግዚአብሔር ነው። እጄ ምንም አልረሳም። ዘሩን ቆንጥሬ ስበትን ግን ሆዴ ባባ፤ ይህን እጅ ያስተማረችው ዝናሽ ናትና።

ዝናሽ ተከራያችን ነበረች። መቼ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ዓመተ ምሕረት ላይ ደካማ ነኝ። በሀምሳ ሳንቲም ቃሪያና ሎሚ ገዝቼ መልስ ይዤ የምመለስበት ጊዜ ነበር። ሴቶቹ ታጥፎ ታጥፎ የተተኮሰ ፕሊሴ ቀሚስ የምንለብስበት፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማችንን ስለሚውጠው በላስቲክ ጫማ የምንሄድበት ጊዜ። ከእኛ በር ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲታጠፍ፣ ጥጉ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ወደደ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ይደጋግመዋል። ዝናሽ ካሴት ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋ ነበርና የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው በዘፈኑ ምት ነው። ዘፈኑ ሲፈጥን ትፈጥናለች፣ እንጉርጉሮ ሲሆን ቀሚሱ ለነገ ይቀጠራል። "ዛሬ ደግሞ የሐዘን ዘፈን ነው፤ የማንም ልብስ አይደርስ" ብላ ትስቃለች። አሁን ያ ጥግ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ ዘፈኑም በየጆሯቸው ውስጥ ነው፣ አይሰማም።

አባቴ ከሸዋ መጥቶ ዲላ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ግቢያችን ከተከራይ ተለይቶ አያውቅም፤ እንደሷ ያለ ግን አልነበረም። ባሏ የሞተባት፣ ለምለም የምትባል አንዲት ልጅ ይዛ ከጨለለቅቱ የመጣች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት። የሷ ወጥ ቤትና የእኔ ወጥ ቤት መስኮት ለመስኮት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው ያለው። ጨው ሲያልቅብኝ እጄን እዘረጋለሁ፤ ሽንኩርት ሲያልቅባት እጇን ትዘረጋለች። አማርኛዋ እንዴት እንደሚጣፍጥ! አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነውና ወንዱንም ሴቱንም ታዘባርቀዋለች። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት "አስኩ፣ ሰላጣው ዛሬ ውሃ ጠጣች ወይስ ተጠምቷል?" ትለኛለች። በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ! አስካለ የሚለውን ስሜን አስኩ ብላ ያቆላመጠችው እሷ ናት፤ ባሌም የተማረው ከሷ ነው።

መስኮት ላይ መትከልን ያመጣችው እሷ ናት። እኔ ሰላጣ መሬት ላይ እንጂ ጣሳ ውስጥ ይበቅላል ብዬ አስቤ አላውቅም። "ነቅለሽ አትብይው፤ ከውጭ ከውጭ ያለውን ቅጠል ብቻ ቁረጪ፣ ልቡን ተዪለት" አለችኝ። ልቡን ስተውለት እውነትም መልሶ መላልሶ ያወጣል። አንዱን ተክል ሳትቆርጥ ትተወዋለች፤ ያድግ ያድግና ያብባል፣ ዘሩን በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ ለዓመት ዘር አትገዛም። ድንብላሉን ለቅመም ከምንገዛው ላይ ቆንጥራ፣ እያንዳንዱን ፍሬ ለሁለት ከፍላ ትዘራለች። በሶብላውን ጫፉን ትቀነጥስና ውሃ ውስጥ ታቆመዋለች፣ ሥር ሲያወጣ ትተክለዋለች። የእኔ መስኮት ጣሳ በጣሳ ሆነ፤ የሷ ግን ሸክላ ነበር፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ሥሩ የተበሳ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ። ገበያ ላይ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን "አንቺ፣ ይሄን ሸክላ ከማን ነው የምትገዢው? ለእኔም ግዢልኝ እንጂ" አልኳት።

ከዚያ ዞራ በእኔ በር ገባች፣ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እናቴ ናት የምትሠራው" አለችኝ። እኔም ገባኝ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ያኔ፣ ዛሬም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፣ ሰው ሸክላቸውን ይገዛል እንጂ ከቤታቸው እህል አይቀምስም፤ ልጁን አይድርላቸውም፤ "ዓይናቸው ይበላል" ይላል። ዝናሽ ዲላ የመጣችው ይህን ሸሽታ ነው። ልጇ ለምለም እንኳ አታውቅም ነበር፤ አያቷን ገበሬ ናት ነው የምትላት። "ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ። "በማርያም፣ ከአንጀቴ አይወጣም" ብዬ ማልኩላት። በሳምንቱ ሁለት ሸክላ ከእናቷ አስመጣችልኝ። ኩሩ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ምስጢር የሚታመንባት ሴት ነኝ ብዬ። እኔን ብሎ ምስጢር ጠባቂ!

ያን ዓመት በጋው ረዘመ። የቧንቧውም ውሃ ጠፋ፤ በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው። እኛ ከዚያ በፊት ተክሉን የምናጠጣው ከጣሪያ በሚወርድ የዝናብ ውሃ ነበር። ዝናቡ ሲቀር ዝናሽ ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ምንጭ ወርዳ ትቀዳ ጀመር። እኔ ደግሞ የባለሱቅ ልጅ፣ ጄሪካን ማዘል አፈርኩ መሰለኝ፤ ብልሃት አገኘሁ። ቤታችን መኮሮኒ ይበዛ ነበር፣ ልጆቼ ሌላ አይበሉም። መኮሮኒው የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ትቼ፣ አቀዝቅዤ ለተክሎቼ አጠጣሁ። የድንቹንም፣ የጎመኑንም ውሃ እንዲሁ። እናቴ "ውሃ የሚደፋ ቤት አይባረክም" ትል ነበርና ደስ እያለኝ ነው ያጠጣሁት። ለማንም አልነገርኩም፤ ብልሃቴን ሰው እንዳይሰርቀኝ ነው መሰለኝ። ይኸውላችሁ የኔ ብልጠት።

አንድ ጠዋት ዝናሽ መስኮቷን ከፈተች። በሶብላዬ ያን ጊዜ ገና ለምለም ነው፣ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ሸፍኗል። እጇን ዘርግታ ቅጠሉን ዳሰሰችና "ውይ አስኩ! እንዴት ታምራለች! የእኔን በለጠች እኮ!" አለች። እንትፍ እንትፍ አላለችም። ሰው አንድ ነገር ሲያደንቅ እንትፍ እንትፍ ማለት አለበት፤ እኔም የሰው ልጅ ሳደንቅ እላለሁ፤ ለበሶብላ ይባል አይባል ግን አስቤው አላውቅም ነበር። በሳምንቱ የበሶብላው ጫፍ ጠቆረ። ከዚያ ቅጠሉ ረገፈ። ሰላጣው ዳር ዳሩ ነደደ፣ ድንብላሉ ቢጫ ሆነ። ውሃ የጠማቸው መስሎኝ የመኮሮኒውን ውሃ ጨመርኩላቸው። በአሥራ አምስት ቀን መስኮቴ ባዶ ቀረ። ከፊት ለፊቴ የዝናሽ መስኮት ደግሞ አረንጓዴ! በዚያ በጋ፣ በዚያ ድርቅ፣ ሰላጣዋ እንደ ጎመን ሰፍቷል። ለሷ ብቻ የሚዘንብላት መሰለኝ። ዓይኔ ቀላ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ቢሆንም አፌን ብዘጋ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አልዘጋሁም። አንድ ለቅሶ ቤት፣ ከድንኳኑ ጀርባ የእድር ሴቶች ሆነን ሽንኩርት ስንልጥ፣ አንዷ ጎረቤቴ "የዚያች የተከራይሽ መስኮት እንዴት ያምራል፣ ያንቺ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ። እኔም ቢላዋውን አስቀምጬ፣ ዝቅ ብዬ፣ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "የሷ ዓይን ያረፈበት ነገር መች ይተርፋል? እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት እኮ።" ይህችን ብቻ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ግን ወለም ብሎኝ አልነበረም። አውቄ ነው ያልኩት። ሽንኩርቱ ያስለቀሰኝ መስዬ ዓይኔን ጠረግሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ወሬው ወር አልፈጀበትም። በመጀመሪያ ሴቶቹ በስፌት ክፍሏ በኩል ሲያልፉ ያዘሉትን ሕፃን ፊት በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። ቀጥሎ የክርስትና ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ፤ እሷ ደግሞ በዚህ ሥራ ነበር የምትታወቀው፣ የሕፃን ቀሚስ ደረቱን በነጭ ክር እየጠለፈች። ቀጥሎ ለምለም ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። የዚያን ቀን ማታ ዝናሽ መስኮቷን ከፈተችና ጠራችኝ። "አስኩ፣ ማን ነገራቸው?" አለችኝ። እኔም ዓይኗን ሳላይ "እኔ እንጃ" አልኳት። ከዚያ መስኮቱን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በሳምንቱ የስፌት መኪናዋን በጭነት መኪና አስጫነች፤ ለምለም ከዕቃው ላይ ተቀምጣለች። ሸክላዎቿን ከነተክሉ እኔ በር ላይ ደርድራ ትታልኝ ሄደች። እኔስ ምን አደረግሁ? የዓይኗ ነገር ይከተለኛል ብዬ ፈርቼ ነቃቅዬ ጣልኳቸው። ቀጥሎ የገባው ተከራይ ያንን መስኮት በጡብ ደፈነው። ባሌ አንድ ጊዜ "ያቺ ሴት ግን ምን በድላን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገሩን በሌላ ወሬ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲያ ነው አልተክልም ብዬ የማልኩት።

እና ዘንድሮ ተከልኩ። ሰላጣው በቀለ፣ በሶብላውም በቀለ፣ ደስ አለኝ። ውሃ እንደ ልማዱ በፈረቃ ነው። እኔም እንደ ልማዴ የመኮሮኒዬን ውሃ አልደፋም፤ ለአንድ ሰው የሚቀቀል ቢሆንም ውሃ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የበሶብላው ጫፍ ጠቆረ። ሰላጣው ዳር ዳሩ ነደደ። አይቼው ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ያው ነው። ልክ ያው ነው። "ማን አየብኝ?" ብዬ ጮህኩ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። ማን ያያል? ፊት ለፊቴ ጡብ ነው። ሰው አይመጣብኝ። ያደነቀ የለም፣ የዳሰሰ የለም። ጣሳውን አንስቼ ሳገላብጠው አፉ ዳር ዳሩን ነጭ ነገር ጋግሮበታል። በጥፍሬ ፋቅሁና ምላሴ ላይ አደረግሁት። ጨው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቡዳ ስል የኖርኩት የገዛ እጄን፣ የመኮሮኒዬን ጨው ነው። ያን ጊዜ ነው ዱካው ላይ የተቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ዝናሽ ልትሞት ትችላለች፣ እኔም ልሞት እችላለሁ፤ ይህን ሳልነግራት መሞት ግን ፈራሁ። ገበያ ውስጥ የጨለለቅቱ ሴቶችን ጠይቄ በሕይወት እንዳለችና አሁንም እንደምትሰፋ ሰማሁ። በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ሚኒባስ ያዝኩ። ይርጋ ጨፌን አልፈን በዚያ ሁሉ ቡናና እንሰት መካከል ስንሄድ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ "እማማ፣ አሞዎታል?" አለችኝ። "አይ፣ ሰው ልጠይቅ ነው" አልኳት። ጨለለቅቱ ስደርስ ለባጃጁ ልጅ "ዝናሽ ልብስ ሰፊዋ" ስለው አፍታም አልፈጀበት፤ የቆርቆሮ በረንዳ ያላት አንዲት ቤት በር ላይ አወረደኝ።

በረንዳው ላይ ናት። ፀጉሯ ነጭ፣ መነጽር አድርጋ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። "ዝናሽ" አልኳት። እግሯ መርገጡን አቆመ። ቀና አላለችም፤ ድምፄን ነው ያወቀችው። "አስኩ?" አለች፣ ዓይኗ ጨርቁ ላይ እንደተተከለ። "ተቀመጪ፣ ፀሐይ ነው" ብላ በርጩማ በእጇ ገፋችልኝ። ውሃ አመጣችልኝ፣ የእንሰት ቂጣውን፣ ዋሳውን፣ ከጎመን ጋር አቀረበችልኝ፤ ሁሉንም ወደ መሬት እያየች። ንቃኛለች አልኩ በልቤ፤ ይገባኛልም አልኩ። ስለ ባሌ ሞት ሰምታ እንዳዘነች ነገረችኝ። ለምለም አስተማሪ ሆናለች፣ አግብታለች፣ ሦስት ወልዳለች። እኔ ጎመኑን እነካካለሁ። በዚህ መካከል አንዲት ሴት ጨቅላ ልጅ አዝላ በበረንዳው ፊት አለፈች፣ "ደህና ዋልሽ እማማ" ብላ፣ ምንም ሳትሸፍነው። ዝናሽ ቶሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴትዮዋ እስክትርቅ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ማንም ሳያዛት፣ በራሷ።

እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ከአፌ ወጣ። መኮሮኒው፣ ጨዉ፣ ድንኳኑ፣ ሽንኩርቱ፣ የተናገርኩት ቃል። "እኔ ነኝ ዝኑ፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው" አልኩ፤ መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር።

"አንቺ መሆንሽንማ ያኔም አውቃለሁ" አለች። "የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነዋ።"

"ታዲያ ለምን አልሰደብሽኝም? ለምን ፀጉሬን አልነጨሽም?"

"አመንኩሽ" አለች። "ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ ያቺን ነገር እስቅበት ነበር። ልጅ ሆኜ ስንቱ ብሎኛል፣ ስቄ ነው ያደግሁት። አንቺ ግን ጓደኛዬ ነሽ፤ በየቀኑ የምታይኝ ነሽ። አስኩ ያለ ነገር አትልም፣ አንድ ያየችው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። በሶብላው ስትሞት እኮ እኔም በመስኮት አይቻታለሁ። እጄን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።" የመርፌውን ክር በጣቷ ታፍተለትላለች። "ለምለም ስትወልድ ገንፎውን ሠርቼ በር ላይ እሰጥ ነበር። አልገባም። 'እማዬ፣ ግቢና እቀፊው እንጂ' እያለች ታለቅሳለች። ጉንፋን ይዞኛል እላታለሁ። ለሁለተኛውም ጉንፋን፣ ለሦስተኛውም ጉንፋን። አሁን እሷም መጥራቱን ትታዋለች።"

እኔ እዚያው መሬት ላይ ነኝ። ይቅር በይኝ ማለት አሳፈረኝ፤ ምኑን ነው ይቅር የምትለኝ?

"ጨው ነው?" አለች ቀስ ብላ።

"ጨው ነው።"

"ጨው ብቻ ነው? ሌላ ምንም?"

"ማርያምን፣ ጨው ብቻ። በምላሴ ቀምሼዋለሁ።"

መነጽሯን አወለቀች። ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሙሉ ፊቴን አየችኝ፣ ረጋ ብላ፣ ሰው ከሩቅ የመጣ ዘመዱን እንደሚያይ። "የለምለም ትልቁ ልጅ ከአባቱ ቁመት በልጧል" አለችኝ። "ትንሿ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ትታቀፋለች እንዴ፣ አስኩ?"